በከንፈሩ ድንጋይ የሚይዘው የወንዝ ዓሣ

በኢትዮጵያ ወንዞች ውስጥ በብዛት ከሚገኙት ዓሦች አንዱ ለገበያ ስለማይቀርብ አብዛኛው ሰው አያውቀውም። ተመራማሪዎች «ጋራ» ይሉታል። እንደ ቆሮሶና አምባዛ ለምግብ የሚፈለግ አይደለም፤ አብዛኞቹ ዝርያዎቹ ከሰው መዳፍ ርዝመት ብዙም አያልፉም። ስያሜው ከአማርኛው «ጋራ» ጋር ቢገጥምም ምንጩ ሕንድ ነው፤ ፍራንሲስ ሃሚልተን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1822 ከዚያው አገር መጠሪያ ወሰደው። ያም ሆኖ ዓሣው የሚኖረው ከጋራ በሚወርድ ውኃ ውስጥ ነውና ስሙ አላነሰበትም።

የጋራ አፍ ከጭንቅላቱ ሥር ወደ ታች የዞረ ነው። የታችኛው ከንፈሩ ሰፍቶ እንደ ክብ ሳህን ስለሚሆን፣ በእርሱ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ኃይለኛ ጅረት ሳይወስደው ይቆያል። የጎን ክንፎቹም ወደ ግራና ቀኝ ተዘርግተው ከወለሉ ጋር ያስጠጉታል። ምግቡ በድንጋዩ ላይ የሚበቅለው፣ እግር የሚያንሸራትተው አረንጓዴ ሽፋን ማለትም አልጌ ነው። ይህን እየፋቀ ይበላል፤ ለመፍጨትም ረጅምና የተጠማዘዘ አንጀት አለው።

በአገራችን የታወቀው ዝርያ የደምቢያን ስም የያዘው ሲሆን፣ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስቲያስኒ አምስት አዳዲስ የኢትዮጵያ ዝርያዎችን ይፋ አደረጉ። ከእነርሱ አንዱ በደምበጫ፣ ሌላው በጣና ስም ተጠርቷል። በጣና ሐይቅ የሚኖር ሦስተኛ ዝርያ የከንፈሩ ሳህን አንሶ ይታያል፤ በረጋ ውኃ ውስጥ መጣበቅ እምብዛም አያስፈልግምና ነገሩ ብዙ አያስደንቅም።

ድሬዳዋ የምትገኝበት የአዋሽ ተፋሰስም የጋራ መኖሪያ ነው። ይሁን እንጂ ከተማዋን የሚያቋርጠው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ በመሆኑ ዓሣውን እዚያ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። ጋራ የሚሻው በበጋም የማይነጥፍ፣ ድንጋያማ ውኃ ነው።

ደቻቱ ግን የዚህን ዓሣ ትልቁን ጠላት በግልጽ ያሳያል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው ጎርፍ ከላይ ካሉት ተራሮች አፈርና ድንጋይ ጠርጎ አውርዷል። ከተራቆተ ተዳፋት የሚታጠበው አፈር ዘወትር በሚፈስ ወንዝ ውስጥ ሲያርፍ ደለል ሆኖ ድንጋዮቹን ይሸፍናል። ብርሃን ያጣው አልጌ ይሞታል፤ ዓሣውም የሚፍቀው ያጣል፣ የሚይዘውም ልሙጥ ድንጋይ አይኖረውም። ገበሬው በእርከን ያስቀረው አፈር ለማሳው ብቻ ሳይሆን ለዚህ ዓሣም ይተርፋል ማለት ነው።

ሌላው አደጋ በበጋ ይመጣል። ወንዙ ሲሳሳ ዓሦቹ በቀሩት ጥቂት ኩሬዎች ይሰበሰባሉ። በዚህ ጊዜ ኩሬውን በውኃ መሳቢያ ሞተር እስከ ወለሉ መምጠጥ፣ ወይም በአንዳንድ አካባቢዎች እንደተለመደው የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ መጨመር ትልቅ ትንሽ ሳይለይ ያለውን ሁሉ ይጨርሳል። ክረምት ሲገባ ወንዙን መልሰው የሚሞሉት ግን በእነዚያ ኩሬዎች የተረፉት ናቸው።