አራት ነጥብ አቅጣጫውን ያውቃል

ዐረብኛና ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋሉ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ሁለቱ አቅጣጫዎች በአንድ መስመር ሲገናኙ የትኛው ቃል የት እንደሚቀመጥ የሚወስነውን ሥርዓት ግን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ስሙ የዩኒኮድ የሁለት አቅጣጫ አልጎሪዝም ይባላል። በትክክል ሲሠራ ማንም ልብ አይለውም፤ ገጹ ሲበላሽ ደግሞ ጥፋቱ በተርጓሚው ወይም በፎንቱ ይላከካል። አማርኛን ወደ ሶፍትዌር የማስገባት ሥራ ላይ ዓመታት አሳልፌያለሁና ይህ ሥርዓት የሚገባውን ምስጋና ሲያገኝ አላየሁም።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኢዛና አክሱም ላይ ባስቀረጸው ድንጋይ አንዱ የድል ዜና በሦስት መልክ ተጽፏል፦ በግሪክኛ፣ በግእዝ፣ እንዲሁም በደቡብ ዐረብ ፊደል በተጻፈ ግእዝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከግራ ሲነሡ ሦስተኛው ከቀኝ ይነሣል። በኋላ ዘመንም የወሎ ሊቃውንት አማርኛን፣ የሐረር ሊቃውንት ሐረሪን በዐረብ ፊደል ጽፈዋል። የድንጋዩ ጠራቢ ግን ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የራሱን ቦታ ለይቶ ሰጥቶ ተገላግሏል። የዛሬው ስልክ ሁለቱን አቅጣጫዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ማስታረቅ አለበት።

መሠረቱ አጭር ነው። ኮምፒውተር ጽሑፍን የሚያስቀምጠው በሚነበብበት ቅደም ተከተል ነው፤ የዕብራይስጥ ቃል የመጀመሪያ ፊደል በማኅደረ ትውስታ ውስጥም የመጀመሪያ ነው። አቅጣጫ የሚመጣው ጽሑፉ በስክሪን ላይ ሲሳል ብቻ ነው። ስለዚህ ፊደሎቹን ገልብጦ ማስቀመጥ መፍትሔ አይደለም፤ ፍለጋን ያበላሻል፣ መስመሩ ሲታጠፍም የዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ከታች ይገኛል። ጽሑፉን ወደ ቀኝ ጠርዝ ማስጠጋትም አቅጣጫ መስጠት አይደለም።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ቁምፊ የአቅጣጫ ባሕርይ ይሰጠዋል። ፊደላት ጠንካራ ናቸው፦ «ሀ» ምንጊዜም ወደ ቀኝ፣ አሌፍ ምንጊዜም ወደ ግራ ይሄዳል። 1፣ 2፣ 3 ደካማ ተብለዋል። ክፍት ቦታ፣ «?» እና «!» ደግሞ ገለልተኞች ናቸው፤ የራሳቸው አቅጣጫ የላቸውም። በግራና በቀኝ ያሉት ጎረቤቶቻቸው ከተስማሙ እነሱን ይከተላሉ፤ ካልተስማሙ ለአንቀጹ አቅጣጫ ያድራሉ። የፈረንጁ ነጥብም በቁጥሮች መካከል ካልገባ ዕጣው እንዲሁ ነው።

የእኛን ሥርዓተ ነጥብ ግን ተመልከቱ። አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ፣ ሁለት ነጥብ፣ ባለሦስት ነጥቡ የጥያቄ ምልክት «፧» ሁሉም በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ላይ እንደ «ሀ» ጠንካራ ሆነው ተመዝግበዋል። የግእዝ ቁጥሮችም እንዲሁ ናቸው፤ 12 ደካማ ሲሆን ፲፪ የፊደልን ያህል ጠንካራ ነው። ይህ በኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ለሚጽፍ ሰው ምንም አይለውጥ ይሆናል። በቴል አቪቭ ወይም በሪያድ አማርኛን ከአገሩ ቋንቋ ጋር ቀላቅሎ ለሚጽፍ ግን ትልቅ ነገር ነው።

በዕብራይስጥ አንቀጽ መጨረሻ ላይ «ነገ ትመጣለህ?» ብላችሁ ጻፉ። ምልክቱ በአንድ ወገኑ አማርኛ፣ በሌላ ወገኑ ከቀኝ የሚነሣው አንቀጽ ጠርዝ አለው። ጎረቤቶቹ አልተስማሙም፤ ስለዚህ የአንቀጹን አቅጣጫ ይከተልና ዘሎ ከ«ነገ» በስተግራ ይቀመጣል። ያንኑ ጥያቄ በ«፧» ዝጉት፤ ከ«ትመጣለህ» ንቅንቅ አይልም። «ነገ እመጣለሁ።» ብትሉም አራት ነጥቡ ቦታውን ይዞ ይቆያል፤ በፈረንጅ ነጥብ ብትዘጉት ግን ነጥቡን «ነገ» ፊት ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ ሁለት የፈረንጅ ኮሎን ደርድረው «::» አራት ነጥብ ነው የሚሉ ወገኖቼን አጥብቄ እወቅሳለሁ። ለዓይን ይመሳሰል እንጂ ለአልጎሪዝሙ ፍጹም ሌላ ነገር ነው፤ አቅጣጫ የሌለው ምልክት በመሆኑ አንቀጹ በሄደበት ይሄዳል። እውነተኛው አራት ነጥብ በየአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳው ላይ አለ። ተጠቀሙበት።

አራት ነጥብ የሚጠብቀው ግን የራሱን ቦታ ብቻ ነው፤ የዐረፍተ ነገሩን ቅደም ተከተል ሊጠብቅ አይችልም። በእስራኤል የሚኖር አንድ ወጣት ለአያቱ ከአንድ ክሊኒክ የመጣ መልእክት አሳየኝ። «ጋሼ፣ ተርጓሚው አማርኛ አይችልም መሰለኝ» አለኝ። ከግራ ሲነበብ መጀመሪያ «ጋር ማክሰኞ ጠዋት ነው።» ይላል፤ ቀጥሎ የሐኪሙ ስም በዕብራይስጥ ይመጣል፤ በቀኝ ጠርዝ ላይ «ቀጠሮዎ ከዶክተር» የሚል ቀርቷል። ተርጓሚው የጻፈው ግን እንከን አልነበረውም፦ ቀጠሮዎ ከዶክተር እገሌ ጋር ማክሰኞ ጠዋት ነው። የገጹ አቅጣጫ ለዕብራይስጥ ተብሎ ከቀኝ እንዲነሣ ተደርጓል፤ አማርኛውም ያንኑ ወረሰ። እያንዳንዱ የአማርኛ ቁራጭ በውስጡ ትክክል ሆኖ ሳለ ቁራጮቹ ከቀኝ ተነሥተው ተደረደሩ። ለአማርኛው ገጽ «ከግራ ወደ ቀኝ» የሚል አንድ ትእዛዝ ቢጨመር ኖሮ አያቱ ቀጠሯቸውን ራሳቸው ባነበቡ፣ ተርጓሚውም ባልታማ ነበር።

ብዙ የመልእክት መተግበሪያዎች ደግሞ የአንቀጹን አቅጣጫ ከመጀመሪያው ጠንካራ ፊደል ይገምታሉ። ከአሥሩ ቃል ዘጠኙ አማርኛ ቢሆንም የመጀመሪያው ዕብራይስጥ ወይም ዐረብኛ ከሆነ አንቀጹ ከቀኝ ይነሣል። ስለዚህ ቀላቅላችሁ የምትጽፉ በአማርኛ ቃል ጀምሩ፤ ግማሹ ችግር በዚያው ያልቃል።

ቁጥሮች ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ናቸው። በዐረብኛም በዕብራይስጥም የቁጥር አሃዞች ከግራ ወደ ቀኝ ይታያሉ፤ 251 ወደ 152 አይገለበጥም። ጣጣው ያለው በመካከላቸው ባለው ምልክት ላይ ነው። 2024-05-17 የሚለው ቀን ከዕብራይስጥ ቃል በኋላ ሲመጣ እንዳለ ይታያል፤ ከዐረብኛ ቃል በኋላ ሲመጣ ግን 17-05-2024 ሆኖ ይታያል። ሕጉ ከዐረብኛ ፊደል በኋላ የሚመጡ አሃዞችን በሌላ ምድብ ያስገባቸዋል፤ በዚያ ምድብ ጭረት አሃዞችን አያያይዝም። እዝባር ግን በሁለቱም ያያይዛል፤ 17/05/2024 አይናወጥም። ይህ ከንቱ ሕግ አይደለም፦ «ከ5-10» የሚል የዋጋ ክልል ለዐረብኛ አንባቢ 5ቱ ከቀኝ ቢቀድም ትክክል ነው። ለስልክ ቁጥር ግን መከራ ነው። በክፍት ቦታ ተከፋፍሎ የተጻፈ የኢትዮጵያ ስልክ በዐረብኛ ወይም በዕብራይስጥ ገጽ መሐል ሲገባ ክፍልፋዮቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ የአገሩ መለያ 251 ወደ ቀኝ ጠርዝ ይሄዳል፣ የመደመር ምልክቱም ከኋላው ይለጠፋል። ከወረቀት ላይ ቁጥሩን ከግራ ጀምሮ የሚደውል ሰው ዘመዱን አያገኝም።

አልጎሪዝሙ ስልክ ቁጥርን ከዋጋ፣ የሰው ስምን ከአድራሻ መለየት አይችልም፤ ትርጉም አያነብም። መናገር ያለብን እኛ ነን። መናገሪያውም አለ። በ2013 የወጣው ዩኒኮድ 6.3 አንድን ቁራጭ ጽሑፍ ከአካባቢው ለይተው የሚያጥሩ የማይታዩ ቁምፊዎችን ጨመረ። በድረ ገጽ ላይ «ቢዲአይ» የሚባለው የኤችቲኤምኤል ታግ፣ በአንድሮይድ ላይ «ቢዲፎርማተር» የሚባለው መሣሪያ ሥራውን ያቃልላሉ። ፕሮግራመር የሰው ስም፣ ስልክ ወይም የፋይል ስም ወደ አንድ ዐረፍተ ነገር በሚያስገባበት ቦታ ሁሉ ቁራጩን ማጠር አለበት። «የእኛ መተግበሪያ አማርኛ ብቻ ነው፤ አይመለከተንም» የሚሉ የአዲስ አበባ ባልደረቦቼ እኅቶቻቸው ከጅዳና ከቤሩት ገንዘብ እንደሚልኩ፣ የላኪውና የሠፈሩ ስም በዐረብኛ ሊገባ እንደሚችል ይዘነጋሉ።

እነዚህ የማይታዩ ቁምፊዎች ለተንኮልም ይውላሉ። በ2021 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ኒኮላስ ባውቸርና ሮስ አንደርሰን በእነሱ አማካይነት የፕሮግራም ኮድ ለሚገመግመው ሰው አንድ ነገር፣ ለኮምፒውተሩ ሌላ ነገር እንዲሆን ማድረግ እንደሚቻል አሳይተዋል። ስለዚህ ኮድ ማረሚያዎች እነሱን ለይተው ማሳየት አለባቸው። ከተራ ሰው ጽሑፍ ላይ በጅምላ መሰረዝ ግን መድኃኒቱን ከበሽታው ጋር መጣል ነው፤ ይህን የሚያደርጉ ሥርዓቶች አይቻለሁ፣ አዝኛለሁም።

መተግበሪያችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ሞክሩ፦ መካከሉ ላይ የዕብራይስጥ ስም ያለው የአማርኛ ዐረፍተ ነገር፣ ከዐረብኛ ቃል በኋላ የሚመጣ ባለ ጭረት ቀን፣ በዐረብኛ ገጽ ውስጥ በመደመር ምልክት የሚጀምር የኢትዮጵያ ስልክ። ሦስቱም እንደተጻፉ ከተነበቡ ሥራችሁ ጥሩ ነው። ካልተነበቡ ተርጓሚውን አትጥሩ። አቅጣጫ የጽሑፉ አካል ነው፤ ጽሑፉን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው የሚያሻግር ሁሉ አቅጣጫውንም አብሮ ማሻገር አለበት።