ከጦርነት በኋላ ሰውነት እምቢ ሲል

እዚህ ራያ ቆቦ ውስጥ ባልና ሚስት አልጋ ላይ ሲቸገሩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መተት ነው። ወንዱ «ታስሯል» ይባላል፤ ሴቷን «ዓይነ ጥላ ይዟታል» ይሏታል። ጤና ጣቢያ የሚመጡት ትዳሩ ሊፈርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። ስለዚህ ዛሬ ሳላፍር ልጻፍ፤ እናንተም ሳታፍሩ አንብቡልኝ።

የወሲብ ፍላጎት መነሻው አንጎል ነው። አንጎላችን ሥር ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ፤ በየአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ጥቂት ሆርሞን ይለቃል። ይህ ሆርሞን ፒቱታሪ የተባለችውን ዕጢ ይቀሰቅሳል፤ እሷ ደግሞ በደም በኩል የወንዱን ቆለጥና የሴቷን ኦቫሪ ታዛለች። የወሲብ ሆርሞኖቹ ቴስቶስትሮንና ኢስትሮጅን የሚመረቱት በዚህ መንገድ ነው።

ሃይፖታላመስ ረሃብንና ፍርሃትንም ይመዝናል። የራያ ገበሬ ያውቀዋል፤ ማሽላ ዝናብ ሲቀርበት ቅጠሉን ጠቅልሎ እድገቱን ያቆማል፣ ሲዘንብለት ይቀጥላል። የሰው አካልም በክፉ ቀን መውለድን ያቆያል። የጭንቀት ሆርሞኑ ኮርቲሶል ሲበዛ ወይም ሰውነት ሲከሳ ያ የሃይፖታላመስ ሆርሞን ይቀንሳል። ያን ጊዜ የወር አበባ ይዛባል ወይም ይቀራል፤ የወንዱም ፍላጎት ይቀዘቅዛል።

ቆቦ በሰሜኑ ጦርነት፣ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ተያዘች፤ ጳጉሜን 4 ቀን ነዋሪዎቿ ተገደሉባት፤ ነሐሴ 2014 ላይ ጦርነቱ ተመለሰባት። ጦርነቱን ካቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላም ተኩስ ከአካባቢው አልራቀም። እዚህ የሚኖር ሰው አንጎል ቢደነግጥ ምን ይገርማል?

የወንድ ብልት የሚቆመው ከህብለ ሰረሰር ታችኛው ክፍል የሚወጡት፣ ሰውነት ሲረጋጋ የሚሠሩት ነርቮች ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲለቁ ነው፤ የደም ቱቦው ይላላል፣ ደም ይሞላል። በፍርሃት ጊዜ የሚለቀቀው አድሬናሊን ግን ያንኑ ቱቦ ያጠበዋል። ሌሊቱን ሙሉ ተኩስ እያዳመጠ የሚያድር ሰው ብልቱ አልታዘዝ ቢለው ወንድነቱ አልጎደለም። አንድ መለያ ልስጣችሁ፦ ንጋት ላይ የሚቆም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ነርቩና የደም ቱቦው ደህና ናቸው፤ ችግሩ ጭንቀቱ ነው። ንጋት ላይም ከጠፋ ስኳርና ደም ግፊት ይመርመር። ቪያግራን ያለ ሐኪም የምትውጡ ወንድሞቼ፣ ኪኒኑ የናይትሪክ ኦክሳይድን ሥራ ያግዛል እንጂ ፍላጎት አይፈጥርም። ናይትሬት ከሚባለው የልብ መድኃኒት ጋር ከተወሰደ ደግሞ ሊገድል ይችላል።

ልቤን የሚያደማው ግን ሌላ ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ያወጣው ዘገባ በዚሁ ጦርነት ነፋስ መውጫ ከተማ ላይ ታጣቂዎች የደፈሯቸውን 16 ሴቶች ቃል ይዟል። እንዲህ ያለ ግፍ የደረሰባትን ሴት ባልም አማትም ጎረቤትም «ለምን አልጮኽሽም? ለምን አልታገልሽም?» ይላታል። ማምለጫ እንደሌለ የተረዳ አንጎል ጡንቻን ያደነዝዛል፣ ድምፅን ይዘጋል፤ እሷ አልመረጠችውም። ስቶክሆልም ውስጥ ተደፍረው ለሕክምና በመጡ 298 ሴቶች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት፣ 70 በመቶዎቹ በጥቃቱ ጊዜ ሰውነታቸው ጉልህ በሆነ ደረጃ መደንዘዙን ተናግረዋል። ብልት መርጠቡም ፈቃድ አይደለም፤ ፍላጎት በሌለበት በነርቭ ምላሽ ብቻ ሊመጣ ይችላል።

ከዚያ በኋላም አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል የባሏን እጅ ከዚያ ቀን እጅ ለመለየት ጊዜ ይፈልጋል። ሲነካት የዳሌ ጡንቻዋ ሳታዘው ይኮማተራል፣ ግንኙነቱ ያማታል። ወንድሜ፣ አታስገድዳት፤ «ጠላችኝ» ብለህም አትደምድም። አብራችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

የተደፈረች ሴት በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰች ለ28 ቀን የሚወሰድ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒትና የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ ማግኘት ትችላለች። ጊዜው ቢያልፍባትም ትሂድ፤ የአባላዘር በሽታ ሕክምናውም የሥነ ልቦና ምክሩም ከወራት በኋላ ይጠቅማታል።