የአለርጂ ኪኒን በድንገት ሲቋረጥ



በቅርቡ አንዲት እናት በልጃቸው ተደግፈው ወደ ክሊኒክ መጡ። አቅም የላቸውም፣ ምግብ አስጠልቷቸዋል፣ ሲነሱ ያዞራቸዋል። ግፊታቸው በጣም ወርዷል። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ስላቸው «ምንም» አሉኝ። ልጃቸው ግን ከቦርሳዋ ባዶ ማሸጊያ አወጣች፦ ፕሬድኒሶሎን። ለቆዳ አለርጂ አንዴ የታዘዘላቸውን ራሳቸው እየገዙ ለ6 ወር በየቀኑ ወስደውታል። ፊታቸው ሲያብጥ ፈሩና በአንዴ ተዉት።

አለርጂና ይሄ ሁሉ ድካም ምን አገናኛቸው?

ከሁለቱ ኩላሊቶቻችን አናት ላይ አድሬናል የሚባሉ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ያመርታሉ። እሱ የደም ግፊትንና ስኳርን ይደግፋል፣ ስንታመም አቅም ይሰጠናል፣ የሰውነት መቆጣትንም ያበርዳል። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን አለርጂን የሚያስታግሱት የኮርቲሶልን ሥራ ስለሚሠሩ ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ከውጭ ሲገባለት አንጎላችን «በቂ አለ» ብሎ ዕጢዎቹን ማዘዝ ያቆማል። ሥራ የፈታ ዕጢ ደግሞ ይቀንሳል፣ ይተኛል። ለመንቃት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። በድንገት ስታቆሙ ታዲያ ከውጭም የለም፣ ከውስጥም የለም። አለርጂው ራሱ ግን አድሬናልን አያደክምም፤ ጥፋቱ የአወሳሰዳችን ነው።

ስለዚህ፦

✔ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ በየቀኑ ከወሰዳችሁ በራሳችሁ አታቁሙ። ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስላችኋል።

✔ ለጥቂት ቀናት የታዘዘ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ስጋት የለም፤ እንደታዘዘው ጨርሱት።

✔ ሴትሪዚንና ሎራታዲን ስቴሮይድ አይደሉም፤ አድሬናልን አያስተኙም።

✔ የአስም መንፊያችሁን ይህን አንብባችሁ እንዳትተዉ! ጥያቄ ካላችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ።

✔ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ካስመለሰው፣ ራሱን ከሳተ ወይም ከባድ ድካም ከያዘው ሳትውሉ ሳታድሩ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። መድኃኒቱንም ንገሩ።

እኚህ እናት በደም ሥር ግሉኮስና ሃይድሮኮርቲሶን ተሰጥቷቸው ማታውኑ ቁጭ ብለው ሾርባ ጠጡ። አሁን መጠኑን እየቀነስንላቸው ነው።

ዛሬ እናታችሁ ኮመዲኖ ላይ ያለውን ማሸጊያ ስሙን አንብቡት። ለሚጠቅመው ሰው አጋሩ።