እውነት ወይስ ተረት? «ለበጎ ነው» ብሎ ማለፍ

ሰው ሲሞት «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» እንላለን። ለወለደ፣ ላገባ፣ ለተመረቀም የሚባል አይጠፋም። ሰፈር ሲፈርስ ግን የሚባለው ይጠፋናል። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና ሌላው የፒያሳ መንደር ፈርሶ፣ ፍራሽና ቁም ሣጥን በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ከተማው ዳር ሲሄድ አፍ ላይ የሚመጣው «ለበጎ ነው» ነበር። ቃሉ ክፉ አይደለም። የቀበሌ ቤት ጣሪያ ሲያፈስበት ለኖረ ሰው የራሱ መጸዳጃ ያለው ኮንዶሚኒየም በእርግጥም በጎ ነው። ግን የሰውን እንባ ማፈኛ ሲሆን ተረት ይከተለዋል።

ተረት፦ እምነት ያለው ሰው ለቤትና ለሰፈር አያለቅስም።

ክርስቶስ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። ጳውሎስም የተሰሎንቄን ሰዎች የመከረው ተስፋ እንደሌላቸው እንዳያዝኑ ነው እንጂ ጭራሽ እንዳያዝኑ አይደለም። «እሱ ለሞተ ሰው ነው፤ ለግድግዳም ይለቀሳል?» የሚል ሰቆቃወ ኤርምያስን ይግለጥ። መጽሐፉ ለፈረሰች ከተማ የተለቀሰ ልቅሶ ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንማ ለስደት የተለየ ወቅት አላት። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ ባለው ዘመነ ጽጌ፣ 40 ቀን ሙሉ፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷ ይታሰባል። ሌሊት ከማኅሌተ ጽጌ ጋር ሰቆቃወ ድንግል ይዜማል። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ በሆነበት ወር ሰቆቃ! ይህን ሥርዓት የሠሩት ሊቃውንት አበባና እንባ አንድ ሌሊት አብረው እንደሚያድሩ ያውቁ ነበር።

በሌላውም መሻገሪያ ቤተ ክርስቲያን አትቸኩልም። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ለሞተ ሰው ሣልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፣ እስከ ሰባት ዓመትም ይቆጠራል። ለሐዘን እንዲህ ቀን ቆጥሮ የሰጠ ሥርዓት «ቶሎ እርሺው» አይልም።

ተረት፦ ወደ ኋላ የሚያይ የሎጥን ሚስት ይሆናል።

ሴትዮዋ እየሸሸች ዞራ አየች፤ የጨው ሐውልትም ሆነች። ታሪኩ ስለዚያች ሰዓት ነው። ኢያሱ ግን ሕዝቡ ዮርዳኖስን ሲሻገር ከወንዙ መካከል 12 ድንጋይ አስወጥቶ አቆመ፤ ልጆች «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ አባቶች እንዲነግሯቸው። ከፈረሰው ቤት የበር ቁልፍ ያስቀረ ሰው ሞኝ አይደለም።

ተረት፦ ፒያሳ ያለበት አራዳ እስከ ዛሬ ማንም ሳይነካው ኖሯል።

ኧረ ተነክቷል! ትልቁ ገበያ አራዳ ነበር፤ ጣልያን በወረራው ዘመን ነቅሎ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ወሰደው። «ፒያሳ» የሚለው ስም ራሱ ጣልያንኛ ነው። የምኒልክ ሐውልት ከቦታው ተነሥቶ ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ተመለሰ። ታቦቱ ዓድዋ የዘመተው የአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም በ1929 ዓ.ም. ተቃጥሎ ኋላ ታድሷል። ይህ ግን የዛሬውን ተነሺ ሐዘን አያቀልም፤ የዚያን ዘመን ነጋዴም አልቅሶ ይሆናል።

ተረት፦ ሰፈር ሲበተን የንስሐ አባትም እድርም አብሮ ያከትማል።

የመጀመሪያው ሐሰት ነው። የንስሐ አባት የተሰጠው ለነፍስ እንጂ ለቤት ቁጥር አይደለም። መንገዱ ከራቀ እሳቸውን አማክሮ፣ ተሰናብቶ፣ ቅርብ ካለ አባት ዘንድ መግባት ይቻላል፤ ሳይነግሩ መጥፋቱ ነው ነውሩ። እድር ግን ሌላ ነው። የቤተ ክርስቲያን ማኅበር አይደለም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ድንኳን የሚቀመጥበት የጎረቤት ውል ነው። ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ሲበተን ድንኳኑን ማን ይተክላል? እዚህ ላይ «ጸልዩ» ብቻ ማለት አይበቃም። ሰብሳቢውና ጸሐፊው ቁጭ ብለው ስልክ ቁጥር መመዝገብ አለባቸው።

«ለበጎ ነው» ራሱስ? ነገሩ የመጣው ከዮሴፍ ነው። ወንድሞቹ በ17 ዓመቱ ሸጡት። እግዚአብሔር ክፋታቸውን ለበጎ እንዳደረገው የነገራቸው አባታቸው ያዕቆብ ከሞተ በኋላ ነው፤ በኦሪት ዘፍጥረት ቁጥር ሲሰላ 39 ዓመት ያህል ቆይቶ። እስከዚያ ድረስ ደጋግሞ አልቅሷል፤ አንድ ጊዜማ ድምፁ እስከ ፈርዖን ቤት ተሰምቷል። ቃሉንም የተናገረው የተሸጠው ራሱ ነው፤ ቆሞ ያየ ጎረቤት አይደለም።

እንግዲህ ከፒያሳ የወጣችሁ ሁሉ፣ ጽጌ ሲገባ በአንዱ ቅዳሜ ማታ በአቅራቢያችሁ ካለው ደብር ማኅሌት ቁሙ። ጋቢ ያዙ፤ የጥቅምት ሌሊት ይበርዳል።