መሰንቆ በራስት ኮድ

ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ የሚያልፈው በአዝማሪ አገር ነው። አዝማሪው ደጋኑን ሲስብ የፈረስ ጭራው ይርገበገባል፤ ንዝረቱ ወደ ተወጠረው ቆዳ ይሻገራል፤ ቆዳውም አየሩን ያንቀጠቅጣል። ፕሮግራመሮች እንዲህ ያለውን ቅብብሎሽ ግራፍ ይሉታል፤ ድምፅ የሚወለድበትና የሚለወጥበት እያንዳንዱ ቦታ ኖድ ነው። መሰንቆን በኮምፒውተር መሥራት የሚሻ ሰው ንድፉን ከራሱ ከመሣሪያው ያገኘዋል።

ሐሳቡ ለእኛ ባዳ አይደለም። ግብፃዊው ሃሊም ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ የዛር ሥርዓትን በሽቦ መቅጃ ቀርጾ፣ ድምፁን በማስተጋቢያ ክፍል እያሳለፈ መልሶ በመቅዳት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፋና ወጊ ሆነ። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ፤ መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና በገናም በአንድ መድረክ ተሰለፉ።

ጊዜ የማይሰጥ ሥራ

ኮምፒውተሩ በሰከንድ 48000 የድምፅ ናሙና የሚያጫውት ከሆነ፣ 128 ናሙና የያዘ ጥቅል በ2.7 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ መድረስ አለበት። ከዘገየ ድምፁ ይቆራረጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጀመሪያው የተረጋጋ እትሙ የወጣው ራስት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለዚህ ይመቻል፦ ማህደረ ትውስታ ለማጽዳት ብሎ ሥራ አያቋርጥም፤ ሁለት ኖዶች በአንድ ጊዜ አንድ ጥቅል ላይ ሊጽፉ ቢሞክሩም ኮዱን ገና ሳይሠራ ይመልሰዋል። የሚያስፈልገውን ማህደረ ትውስታ አስቀድሞ መያዝና የኖዶቹን ተራ አስቀድሞ መደርደር ግን የፕሮግራመሩ ግዴታ ነው።

ቅኝት ሲጓደል

በመሰንቆ ላይ ደጋኑ ጭራውን እንደሚነዳ ሁሉ ጭራውም ደጋኑን መልሶ ይይዘዋል። ግራፉ ዙሪያ ገጠም ስለሚሆን ማን እንደሚቀድም አይታወቅም፤ መፍትሔው በመካከል የማዘግያ ኖድ ማስገባት ነው። የድምፁን ከፍታ የሚወስነውም የማዘግያው ርዝመት ነው። ለ880 ኸርዝ 54.5 ያህል ናሙና ያስፈልጋል፤ ወደ 55 ከተጠጋጋ ድምፁ ወደ 873 ይወርዳል፤ የሠለጠነ ጆሮ ይህን አያልፈውም። ስለዚህ መሰንቆውን የሚሠራው የኮድ ላይብረሪ የናሙናውን ክፍልፋይ ማስላት አለበት። ከፍታውንም በፒያኖ ቁልፍ ሳይሆን በኸርዝ ይቀበል፤ አለዚያ የአንቺሆዬን ቅኝት አዝማሪው እንደሚጫወተው አያወጣውም።

በቢቸናና በሞጣ ኮድ የምትማሩ ወጣቶች፣ በሦስት ኖድ ጀምሩ፦ ደጋን፣ ጭራ፣ ቆዳ። የሠራችሁትን ለአካባቢያችሁ አዝማሪ አሰሙት፤ የሚለውን አድምጡና ኮዱን አርሙ። ቅኝቱን የሚያውቀው እሱ ነውና ዳኛውም እሱ ይሁን።