ሲያስብ የሚታይ ኮምፒዩተር

ኮምፒዩተር የተሰጠውን ትእዛዝ በቅደም ተከተል እየፈጸመ ስሌት የሚሠራ መሣሪያ ነው። በዛሬው ጊዜ ይህ መሣሪያ በኪስ እስኪያዝ ድረስ አንሷል፤ ፍጥነቱም በአንድ ሰከንድ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ስሌቶችን እስከ መሥራት ደርሷል። ይሁን እንጂ ይኸው ትንሽነቱና ፍጥነቱ ለተማሪ ችግር ፈጥሯል። ጥያቄው ሲገባና መልሱ ሲወጣ ይታያል እንጂ በመካከሉ የሚካሄደው ሥራ ከዐይን የተሰወረ ነው። ስለዚህ አንዳንድ መምህራን የኮምፒዩተርን አሠራር ለማስረዳት የቀድሞ መሣሪያዎችን ይጠቀማሉ። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በእንግሊዝ አገር የሚገኘው ዊች የተባለው ኮምፒዩተር ነው።

ይህ ኮምፒዩተር ሃርዌል በተባለ ስፍራ በአቶሚክ ኃይል ምርምር ተቋም ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1951 ሥራ ጀመረ። ክብደቱ 25 ኩንታል ያህል ነው። ሥራው ግን አዝጋሚ ነበር፤ ሁለት ቁጥሮችን ለማባዛት ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይፈጅበታል። በአንድ ወቅት የሒሳብ መኪና የያዘ አንድ ባለሙያ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተወዳድሮ ለግማሽ ሰዓት ያህል እኩል ተጉዟል። በመጨረሻ ሰውየው ደክሞ ሲያቆም መሣሪያው ቀጠለ። እንግዲህ የመሣሪያው ብልጫ አለመድከሙ እንጂ ፍጥነቱ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1957 ተቋሙ ከመሣሪያው የተሻለ ስላገኘ፣ ይህንኑ አሮጌ ኮምፒዩተር በሚገባ ሊጠቀምበት ለሚችል ኮሌጅ ለመስጠት ውድድር ተደረገ። አሸናፊውም የዎልቨርሃምፕተን ኮሌጅ ሆነ። ዊች የሚለው ስም የወጣለትም በዚያ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 1973 ድረስ ተማሪዎች የኮምፒዩተርን ትምህርት ተማሩበት።

የመሣሪያው አዝጋሚነት ለማስተማር ጠቀመ። በውስጡ 828 ዴካትሮን የተባሉ፣ ጋዝ የተሞሉ የመስታወት ቱቦዎች አሉ። በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ አንዲት የብርሃን ነጥብ ከ0 እስከ 9 ባሉት ዐሥር ቦታዎች ላይ በክብ ትዞራለች። ነጥቧ የቆመችበት ቦታ ቱቦው የያዘውን አኃዝ ያመለክታል። ለምሳሌ በ28 ላይ 5 ቢደመር፣ የአንድ ቤቷ ብርሃን ከ8 ተነሥታ በ9፣ በ0፣ በ1 እና በ2 በኩል አልፋ 3 ላይ ትቆማለች። ከ9 ወደ 0 ስትሻገር ደግሞ የዐሥር ቤቷ ብርሃን ከ2 ወደ 3 ትራመዳለች። ውጤቱም 33 ይሆናል። በመሆኑም ተማሪው በቃሉ ብቻ ያጠናውን «አንድ ይዤ» የሚለውን የመደመር ሕግ በዐይኑ ያየዋል።

ትእዛዞቹም የሚነበቡት ከተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ነው። አንድ ሥራ እንዲደጋገም ሲፈለግ የጥብጣቡ ሁለት ጫፎች ተጣብቀው ቀለበት ይሆናሉ፤ ጥብጣቡ በዞረ ቁጥር ያው ትእዛዝ ይፈጸማል። ዛሬም የፕሮግራም ጸሐፊዎች የትእዛዝን ድግግሞሽ «ቀለበት» በሚመስል ቃል ይጠሩታል።

መሣሪያው ለረጅም ዘመን ሥራ ከፈታ በኋላ፣ በጎ ፈቃደኞች ከ2009 ጀምሮ ጠግነውት በኅዳር ወር 2012 እ.ኤ.አ. እንደገና ሠራ። የሚገኘውም በብሌችሌይ ፓርክ ባለው ብሔራዊ የኮምፒዩተር ሙዚየም ውስጥ ነው።

ይህን ለመማር ግን የግድ 25 ኩንታል የሚመዝን መሣሪያ አያስፈልግም። ከካርቶን ሁለት ክብ ገበታዎች ቆርጦ በዙሪያቸው ከ0 እስከ 9 መጻፍና በእንጨት ቀስት መቁጠር ይበቃል። የሚጠቀምበትን መሣሪያ ውስጣዊ አሠራር የተረዳ ሰው፣ መሣሪያው ሲሳሳት ስሕተቱን ሊያውቅና ሊያርም ይችላል። ያልተረዳው ግን የተሰጠውን መልስ ተቀብሎ ከመሄድ በቀር ሌላ ምርጫ የለውም።

መልመጃ

፩. የመሣሪያው አዝጋሚነት ለትምህርት የጠቀመው ለምንድን ነው?
፪. በ47 ላይ 6 ሲደመር ሁለቱ የብርሃን ነጥቦች የሚያደርጉትን ጉዞ ግለጹ።
፫. በመጨረሻው አንቀጽ የቀረበውን ሐሳብ ትደግፋላችሁ? ምክንያታችሁን ጻፉ።