ስድስት ጎራሽና አፈሙዙ፦ ተረትና እውነታ

ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ጥይቱን የሚይዘው በካዝና ሳይሆን ከአፈሙዙ ጀርባ በሚዞር ሲሊንደር ነው። ምላጩ ወይም መዶሻው ሲሳብ ሲሊንደሩ አንድ ቤት ይዞርና ቀጣዩ ጥይት ከአፈሙዙ ጋር ይገጥማል። ባለ ካዝና ሽጉጦች ከተስፋፉ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆናቸውም፣ ይህን የቆየ አሠራር የሚመርጡ ኢላማ ተኳሾችና መሣሪያ ሰብሳቢዎች ዛሬም ጥቂት አይደሉም። በእነሱ ዘንድ ከሁሉ በላይ የሚያከራክረው የአፈሙዝ ርዝመት ነው፦ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ተኩል ኢንች። ስለ እያንዳንዱ ርዝመት የሚነገረው ግን አብዛኛው ከሲኒማና ከወሬ የተለቀመ ነው። እውነቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከ1941 ጀምሮ ዋና ከተማዋ ሀርጌሳ የሆነችው ጎረቤት ሶማሊላንድ የዚህን መሣሪያ ታሪክ በየደረጃው አይታለች። በ1855 በበርበራ ዳርቻ አዳምስ የተባለው ሽጉጥ ተተኩሶባታል፤ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር በነበረችበት ዘመን ደግሞ የጦር መኮንኖቹ መደበኛ ሽጉጥ መጀመሪያ ዌብሊ፣ ኋላም ኤንፊልድ ነበር። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ተረት፦ አፈሙዙ የረዘመ ሽጉጥ አይስትም።

እውነታው፦ አንድን ሽጉጥ የማይስት የሚያደርገው የአፈሙዙ ውስጣዊ ጥራትና የሲሊንደሩ ቤቶች ከአፈሙዙ ጋር ልክ መግጠም ነው። በደንብ የተሠራ አጭር ሽጉጥ በሞርሳ ታስሮ ቢተኮስ ከረጅሙ ያልተናነሰ ጥይቶቹን አንድ ቦታ ይሰበስባል። ልዩነቱ የሚመጣው ሰው ሲይዘው ነው። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎች በተራራቁ ቁጥር የዓይን ስሕተት ያንሳል። በማነጣጠሪያዎቹ መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ካለ፣ የፊተኛው በ1 ሚሊ ሜትር ዝንፍ ቢል ጥይቱ በ25 ሜትር ርቀት ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ይስታል። ርቀቱ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ያው ስሕተት 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ይሆናል። በዚያ ላይ የረዘመ አፈሙዝ ፊቱ ስለሚከብድ የእጅን መንቀጥቀጥ ያበርዳል፤ ሲተኮስም ሽቅብ የሚያደርገውን ዝላይ ይቀንሳል። በእንግሊዝ አገር በቢስሊ የኢላማ ሜዳ የሚወዳደሩ ተኳሾች ሰባት ተኩል ኢንች ይወዱ የነበረው፣ ዌብሊም ለእነሱ ብሎ በዚህ ርዝመት የሠራላቸው ለዚህ ነው። ስለዚህ ረጅሙ አፈሙዝ የሚረዳው ዓይንንና እጅን ነው፤ ማነጣጠር ላልቻለ ሰው የሚጨምርለት ነገር የለም።

ተረት፦ አፈሙዙ በረዘመ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል።

እውነታው፦ ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽነቱም በጥይቱ ዓይነት ይወሰናል። የዌብሊ .455 ጥይት አረሩ 17 ግራም ገደማ የሚመዝን ከባድ ነው፤ የሚወጣው ግን በሰከንድ 190 ሜትር አካባቢ፣ ከድምፅ ፍጥነት እጅግ ባነሰ ፍጥነት ነው። ባሩዱ ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ተቃጥሎ ያልቃል፤ ሁለት ኢንች ቢጨመርለትም ብዙ አይጠቀምም። የእንግሊዝ ሠራዊት በ1915 ከአራት ኢንቹ ማርክ 5 ወደ ስድስት ኢንቹ ማርክ 6 ሲሸጋገር ጥይቱን አልለወጠም። በሌላ በኩል በ1935 የወጣው .357 ማግነም ባሩዱ ብዙና ቀስ ብሎ የሚቃጠል በመሆኑ ርዝመቱን በእርግጥ ይጠቀምበታል፤ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን መጀመሪያ ሲያስተዋውቀው ስምንት ኢንች ከሦስት ሩብ አፈሙዝ መግጠሙም ያለ ምክንያት አልነበረም።

የሚያሳስተው ሌላው ነገር አለካኩ ነው። ካዝና ያለው ሽጉጥ አፈሙዝ ሲለካ ጥይቱ የሚተኛበት ክፍል አብሮ ይቆጠራል፤ በስድስት ጎራሽ ግን ልኬቱ ከሲሊንደሩ ፊት ይጀምራል። በኢትዮጵያም በሶማሌ ምድርም ስሙ የታወቀው ማካሮቭ 93 ሚሊ ሜትር ሲባል የጥይቱን ማረፊያ ይጨምራል፤ የዌብሊ አራት ኢንች፣ ማለትም 102 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ አይጨምርም። በወረቀት ላይ ተቀራራቢ የሚመስሉት ሁለቱ ሽጉጦች አረሩ በሚገፋበት መንገድ ርዝመት በሰፊው ይለያያሉ።

ተረት፦ አጭር አፈሙዝ የፖሊስና የሸማቂ፣ ረጅም አፈሙዝ የጀግና ነው።

እውነታው፦ ርዝመትን የወሰነው መሣሪያው የሚታጠቅበት ቦታ ነው። በ1847 የተሠራው ኮልት ዎከር ዘጠኝ ኢንች አፈሙዝ ነበረው፤ ክብደቱም ከ2 ኪሎ ይበልጥ ነበር። እንዲህ ያለ ብረት ወገብ ላይ ሳይሆን ኮርቻ ላይ የሚንጠለጠል ነው። በ1873 የወጣው የኮልት ባለ ነጠላ አሠራር ሽጉጥ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ተኩስ መዶሻው በአውራ ጣት ወደ ኋላ የሚሳብለት፣ ለፈረሰኛ ጦር ሰባት ተኩል ኢንች ሆኖ ተሰጠ። ከ1890ዎቹ ጀምሮ ግን ሠራዊቱ ራሱ ብዙዎቹን ወደ አምስት ተኩል ኢንች አስቆረጣቸው። ሲቪሎች የወደዱት አራት ኢንች ከሦስት ሩብ ነው፤ በዚህ ርዝመት አፈሙዙ የሚያልቀው ቀለህ ማውጫው ዘንግ በሚያልቅበት ቦታ ላይ ስለሆነ ከማኅደሩ ሲመዘዝ የሚያደናቅፍ ነገር የለውም። ዛሬም ሰብሳቢዎች ይህን ርዝመት «ሚዛኑን የጠበቀ» የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው፤ አባባላቸውም ትክክል ነው።

በእንግሊዝ በኩል ዌብሊ ከ1887 ማርክ 1 እስከ 1913 ማርክ 5 ድረስ መደበኛ ርዝመቱን በአራት ኢንች አጸና። የሶማሊላንድ የግመል ኮር በ1914 ሲቋቋም ይህ ነበር የሠራዊቱ ልክ። ኮሩ የተቋቋመው የቀድሞው የግመል ፖሊስ አዛዥ ሪቻርድ ኮርፊልድ ኦገስት 9 ቀን 1913 በዱል ማዶባ እንግሊዞችን ይወጉ ከነበሩት የሶማሌ ደርቪሾች ጋር ተዋግቶ ከሞተ በኋላ ነው። የኮሩ ሰዎች ግመሉን ለጉዞ ይጠቀሙበታል እንጂ የሚዋጉት ወርደው በጠመንጃ ነበር፤ ሽጉጥ የመኮንኑ የመጨረሻ መከላከያ ነው፣ ለዚያም አራት ኢንች ይበቃል። ስድስት ኢንች የመጣው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽጎች ጋር ነው። በዚያው ጦርነት ካፒቴን ፕሪቻርድ የተባለ መኮንን በዌብሊ አፈሙዝ ላይ የሚሰካ ሳንጃ ፈለሰፈ፤ የበርሚንግሃሙ ግሪነርም አመረተው። ስለቱ የተወሰደው ከፈረንሳዩ ፉዚ ግራ ጠመንጃ ሳንጃ ነው፤ ይህም በኢትዮጵያ ውጅግራ የተባለው፣ በዓድዋ ዘመን በብዙ ተዋጊ እጅ የነበረው መሣሪያ ነው። ሳንጃው መኮንኖች በገዛ ገንዘባቸው የሚገዙት እንጂ መንግሥት ያደለው አልነበረም።

በ1932 ዌብሊን የተካው ኤንፊልድ አምስት ኢንች ሲሆን ጥይቱም ወደ .38 አነሰ፤ ምልምል ወታደር በአጭር ሥልጠና ሊገራው የሚችል ቀለል ያለ ሽጉጥ ተፈልጎ ነበር። በ1938 ደግሞ የመዶሻው ጆሮ ተቆረጠ፤ በታንክ ጠባብ ሆድ ውስጥ ከዕቃ ጋር እየተያዘ ስላስቸገረ ነው። በኦገስት 1940 የጣሊያን ጦር ሀርጌሳን ሲይዝና ከዚያም ከ11 እስከ 15 በቱግ አርጋን ውጊያ ሲካሄድ የእንግሊዝ ሠራዊት መደበኛ ሽጉጥ ይህ ኤንፊልድ ነበር። ውጊያውን ያራዘመው ግን መትረየስ ነው፤ ካፒቴን ኤሪክ ዊልሰን የቪክቶሪያ መስቀል የተሸለመው የቪከርስ መትረየሶቹን ቆስሎም ስላልለቀቀ ነው። ስድስት ጎራሽ የቅኝ ግዛት ጦርነቶችን እንዳሸነፈ የሚያሳዩ ሥዕሎችና ፊልሞች እውነቱን ያዛባሉ። ደርቪሾችም በ1920 የተሰበሩት 12 አውሮፕላኖች በተሳተፉበት ዘመቻ ነው።

ስለ ርዝመት ከሚነገሩት ሁሉ የገነነው ተረት ዋያት ኧርፕ የተባለው የአሜሪካ ሕግ አስከባሪ 12 ኢንች ኮልት በስጦታ ተቀብሎ ታጥቋል የሚለው ነው። ወሬው የተስፋፋው ስቱዋርት ሌክ በ1931 ባሳተመው የሕይወት ታሪክ ነው፤ የፋብሪካው መዝገብ ግን እንዲህ ያለ ትእዛዝ አያሳይም። ታሪኩ በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ኮልት በ1957 ይህንኑ ሽጉጥ ሠርቶ መሸጥ ጀመረ። ተረቱ ራሱ ገበያ ፈጠረ።

ተረት፦ ስድስት ጎራሽ ነክሶ አይቀርም።

እውነታው፦ በርበራ ይህን ታስተባብላለች። ኤፕሪል 1855 ከሐረር ጉዞው የተመለሰው እንግሊዛዊው አሳሽ ሪቻርድ በርተን ከባልደረቦቹ ከስፒክ፣ ከኸርንና ከስትሮያን ጋር በበርበራ ዳርቻ ሰፍሮ ሳለ በሌሊት ጥቃት ደረሰባቸው። ስትሮያን ተገደለ፤ በርተንን አንድ ጦር ጉንጭና ጉንጩን በስቶ ወጣ። ስፒክ የያዘው በጊዜው አዲስ የነበረውን የዲንና የአዳምስ ሽጉጥ ነበር፦ አምስት ጎራሽ፣ ክፈፉ አንድ ወጥ ብረት፣ በምላጭ ብቻ የሚሠራ። ፊት ለፊት የመጣው ሰው ደረት ላይ ደግኖ ምላጩን ሲስብ ሲሊንደሩ አልዞር አለ። ተማረከ፤ አሥራ አንድ ቁስል ይዞም ሊያመልጥ ቻለ። በኋላ ራሱ እንደገመተው ምክንያቱ እሳት የምትጭረው የመዳብ ቆብ ነበረች። በዚያ ዘመን ጥይቱ አንድ ላይ የታሸገ አልነበረም፤ ባሩድና አረር ከፊት ይሞላሉ፣ ከኋላ ደግሞ በእያንዳንዱ ቤት ላይ ትንሽ ቆብ ትሰካለች። ቆቧ ወልቃ ወይም ተሰነጣጥቃ በአሠራሩ መካከል ከገባች ሲሊንደሩ ይቆለፋል።

የብረት ቀለህ ሲመጣ ይህ ችግር ጠፋ፤ ሌሎች ግን ቀሩ። ያልተቃጠለ ባሩድ ወይም አሸዋ ከቀለህ ማውጫው ኮከብ ሥር ከገባ ሲሊንደሩ አይዘጋም። በኃይለኛ ጥይት የአንዱ ቤት አረር በንዝረት ከቀለሁ ወደ ፊት ተንሸራትቶ ቢወጣ መዞሩን ያግዳል። የስድስት ጎራሽ እውነተኛ ብልጫ ሌላ ነው፦ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን ደግሞ መሳብ ብቻ ይበቃል፣ ጥይቱ ደካማም ኃይለኛም ቢሆን አሠራሩ አይለወጥም። ሲበላሽ ግን በሜዳ ላይ አይጠገንም፤ የሠለጠነ የመሣሪያ ባለሙያ ይፈልጋል።

ተረት፦ ጥንታዊው አሠራር የሚወደደው ከአዲሱ ስለሚጠነክር ነው።

እውነታው፦ የዌብሊን አሠራር ወዳጆቹ የሚያደንቁት ለፍጥነቱ ነው። ማያዣው ሲለቀቅ አፈሙዙ ወደ ታች ይታጠፋል፣ ስድስቱም ቀለህ በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። ይሁን እንጂ ለሁለት የሚታጠፍ ክፈፍ ከአንድ ወጥ ክፈፍ ይደክማል፤ ታጣፊው አሠራር ለኃይለኛ ማግነም ጥይቶች የማይመረጠው ለዚህ ነው። ወደ አሜሪካ የተሸጡ ብዙ ዌብሊዎች የአሜሪካውን .45 ጥይት እንዲጎርሱ ሲሊንደራቸው ከኋላ ተሞርዷል። የዚያ ጥይት ግፊት ከተሠሩበት በላይ ስለሆነ መተኮሱ አደገኛ ነው።

ናጋንትም እንዲሁ ነው። በ1895 የወጣው ሰባት ጎራሽ ከመተኮሱ በፊት ሲሊንደሩን ወደ ፊት ገፍቶ፣ በአብዛኞቹ ሌሎች ስድስት ጎራሾች ጋዝ የሚያመልጥበትን ክፍተት ይዘጋል። ይህ የረቀቀ ምሕንድስና ነው፤ ዋጋው ግን ጣትን የሚያደክም ከባድ ምላጭ ነው፣ የፍጥነቱም ትርፍ ትንሽ ነው። የጣሊያኑ ቦዴዮ ደግሞ በወታደሩ ዓይነት ላይ የምላጭ መከለያ የለውም፤ በምትኩ ምላጩ ራሱ ወደ ፊት ይታጠፋል። እያንዳንዱ አሠራር አንድ ችግር ሲፈታ ሌላ ይተዋል፤ ሰብሳቢውን የሚስበውም ይህን ምርጫ በእጁ ይዞ ማየት መቻሉ ነው። በዚህ ላይ መዶሻው አስቀድሞ በአውራ ጣት ሲሳብ የሚገኘው አጭርና ቀላል ምላጭ ለኢላማ ተኳሽ ትልቅ ጥቅም አለው።

በመጨረሻ፣ አጭር አፈሙዝ ያለው አሮጌ ሽጉጥ ሁሉ ከፋብሪካ አጭር ሆኖ የወጣ አይደለም። ብዙ ማርክ 6 ዌብሊዎች በኋላ ተቆርጠዋል። የተቆረጠ አፈሙዝ ጫፉ የፋብሪካው ልስላሴ የለውም፣ የፊት ማነጣጠሪያውም አለቦታው ይገኛል ወይም በብየዳ ተተክሏል። እንዲህ ያለው ሽጉጥ ቢተኩስም ለሰብሳቢ ያለው ዋጋ በእጅጉ ይወርዳል፤ በምን ዓላማ እንደተሠራ የሚመሰክረው ልኬት ጠፍቷልና።